ዝሆኔና ቀዩ አፈር

ፖዶኮኒዮሲስ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ሥር የሰደደ የእግር እብጠት ነው። ሕዝቡ ከሌሎች የእግር እብጠቶች ሳይለይ ዝሆኔ ይለዋል። በሽታውን ትልም ባክቴሪያም ቫይረስም አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህ ዛሬ በጥቂት ቃላት የሚነገር ዕውቀት ተጣርቶ እስኪወጣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ወሳኙ ምርምር አብዛኛው የተካሄደውም በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ውስጥ ነው።

የዘመናዊ ሕክምና የዝሆኔ ታሪክ የሚጀምረው በትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ኦቶ ቩኸረር በብራዚል ከታማሚ ሽንት ውስጥ ጥቃቅን ትሎች አገኙ። በ1872 ቲሞቲ ሉዊስ በካልካታ እነዚሁኑ ትሎች በሰው ደም ውስጥ አዩ፤ በ1876 ጆሴፍ ባንክሮፍት በአውስትራሊያ ብሪዝበን ያደገውን ትል አገኙ። በ1877 ደግሞ ፓትሪክ ማንሰን በቻይና አሞይ ከተማ ትሉ በቢምቢ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ አሳዩ። አንድ በሽታ በነፍሳት አማካይነት እንደሚዛመት ያመለከተ ታላቅ ግኝት ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ዝሆኔ የተባለ ሁሉ የትል በሽታ ተደርጎ ተወሰደ። ደም ተመርምሮ ትል ሲታጣ እንኳ ሐኪሞች ትሉ ቀድሞ ሞቶ ይሆናል እያሉ ያልፉት ነበር።

የማይገጥም ነገር ግን ቀስ በቀስ ተጠራቀመ። ቢምቢ በማይበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ ደሙ ከትል ነጻ የሆነ፣ እግሩ ግን የዝሆን እግር ያህል ያበጠ ገበሬ በተለያዩ አገሮች ይገኝ ነበር። በ1938 ሮብሌስ የተባሉ ሐኪም በጓቲማላ ያዩትን በሽታ ከባዶ እግር ጋር አያያዙት፤ ሐሳቡ ግን ተከታይ አላገኘም። በ1960 ኮኸን በኢትዮጵያና በኬንያ ያለውን እብጠት ሲመዘግቡ ምክንያቱ ያልታወቀ ብለው ነው ያለፉት። መልክ ያለው ጥናት የመጣው በ1969 ነው። በዚያ ዓመት ኦመን በኢትዮጵያ ዝሆኔ ላይ ያደረጉትን ሰፊ ጥናት አሳተሙ። የታማሚዎቹ ደም ትል የለበትም፤ በሽታው ግን ከደጋማ ቀይ አፈር አይርቅም።

ነገሩን ከዳር ለማድረስ የተነሡት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ፕራይስ የሥጋ ደዌ ሐኪም ነበሩ። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ሥልጠና ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ አመቺ ስፍራ ሆኖ ነበር። ወደ ሥጋ ደዌ ክሊኒኮች ከሚመጡት ሰዎች መካከል ደዌው የሌለባቸው፣ እግራቸው ግን ያበጠ ነበሩ። ልዩነቱ በቀላሉ ይፈተሻል። የሥጋ ደዌ ታማሚ እግር ይደነዝዛል፤ የእነዚህ ሰዎች እግር ግን ጥጥ ሲነካው ይሰማዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ በሽታው የትና ስንት ሰው ላይ አለ የሚል ነበር። ቤት ለቤት ለመቁጠር ገንዘብም መንገድም አልነበረም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ ሳምንታዊው ገበያ ዞሩ። በገበያ ቀን የአካባቢው ሰው ከየመንደሩ ወደ አንድ ቦታ ይመጣል፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው ባዶ እግሩን ስለሆነ እግር የሚያይ ሰው ብዙ ሳይጠይቅ ይቆጥራል። ዘዴው ጉድለት አለው፤ በሽታው የጠናበት ሰው ገበያ ስለማይወጣ ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ሆኖም ቦታን ከቦታ ለማወዳደር በቂ ነበር። ፕራይስ የገበያውን ቆጠራ ከከፍታ፣ ከዝናብና ከአፈር ካርታ ጋር ሲያስተያዩ ነገሩ ፈር ያዘ። በ1974 በሽታውን ከአካባቢ አፈርና አየር ንብረት ጋር፣ በ1976 ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከመጣ አፈር ጋር የሚያያይዙ ጽሑፎች አወጡ። ዝናብ በሚበዛበት፣ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ባለና ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት ምድር በሽታው አለ፤ ከዚያ ወጣ ሲባል ይጠፋል። በሩዋንዳና በቡሩንዲም የታየው ይኸው ነው። በትል የሚመጣው ዝሆኔ በኢትዮጵያ የሚገኘው ግን እንደ ጋምቤላ ባሉ ምዕራባዊ ቆላዎች ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ አፈር ከሰው እግር ጋር ምን አገናኘው የሚለው ነው። ፕራይስና ባልደረቦቻቸው በባዶ እግራቸው ከኖሩ ሰዎች ሊምፍ የሚባለውን የእግር ፈሳሽ ከሚያጣሩት የብሽሽት ዕጢዎች ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በዕጢው ውስጥ ባዕድ ነገርን የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት ይገኛሉ። እነዚህ ሕዋሳት በዓይን በማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች ተሞልተው ተገኙ። በ1978 ፕራይስና ሄንደርሰን ያወጡት የንጥረ ነገር ትንተና ቅንጣቶቹ በዋናነት ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው፣ ማለትም የአካባቢው አፈር መሆናቸውን አመለከተ። በ1985 ፋይፍና ፕራይስ ሲሊካ በጥንቸሎች የሊምፍ ሥርዓት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ፈተሹ። በቀጣዩ ዓመት ስፑነርና ዴቪስ የአፈሩ ቅንጣት የመከላከያ ሕዋሳትን እንደሚጎዳ በላብራቶሪ መረመሩ። ሲሰበሰብ ሥዕሉ ይህን ይመስላል፦ ቅንጣቱ በተሰነጠቀ ወይም በተጎዳ የእግር ቆዳ ይገባል፣ ሕዋሳቱ ይውጡታል፣ ሊያጠፉት ግን አይችሉም። ብግነት ይነሣል፤ የሊምፍ ቱቦው ውስጡ ይጠብና ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ ይዘጋል። ወደ ላይ መመለስ ያቃተው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ጉብጉብ ያሉ እባጮች ያወጣል።

ከዚህ ምርመራ የወጣ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ነበር፤ የጥናቱ ትልቅ ዋጋም እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአፈር ቅንጣት የተገኘው በታማሚዎቹ ዕጢ ብቻ አይደለም፤ እግራቸው ጤናማ በሆነ ባዶ እግር ሂያጆችም ዘንድ ነበር። ስለዚህ አፈር ብቻውን አይበቃም። ፕራይስ በ1972 የታማሚ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ተከትለው በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ እንደሚደጋገም ጽፈው ነበር። ለምን አንዱ ወንድም ታሞ ሌላው ይድናል የሚለው ጥያቄ ግን በዘመኑ በነበረው መሣሪያ የሚመለስ አልነበረም። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያገኘው ከፕራይስ ነው፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የሰበሰበው መጽሐፍም በ1990 ታተመ።

ከመጽሐፉ በኋላ ዝምታ ሆነ። መንስኤው ታውቆ፣ መከላከያው ጫማ መሆኑ ተነግሮ፣ ጫማ በተስፋፋባቸው የሰሜን አፍሪካ አገሮች በሽታው መጥፋቱ እየታየ፣ ለአሥር ዓመት ያህል የሚረባ ምርምር አልተደረገም። መድኃኒት አምራች የሚፈልገው ገበያ የለውም፤ ቶሎ አይገድልም፤ የሚያጠቃውም ጫማ መግዛት ያልቻለውን ገበሬ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ የሚረሳው በአጋጣሚ አይደለም።

ዝምታውን የሰበረው መጀመሪያ ሕክምና ነው እንጂ ምርምር አይደለም። በ1998 በወላይታ ሶዶ አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው የታማሚዎችን እግር የሚያጥብ፣ የሚያክምና ጫማ የሚሠራ ፕሮጀክት ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ኤፒዲሚዮሎጂስት ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ጥናቱን በወላይታ እንደገና ቀሰቀሱት። በ2003 የወጣው የዞኑ ቆጠራ ከመቶ ሰው 5.46 በበሽታው እንደተያዘ አሳየ። በ2006 ደግሞ የኢኮኖሚ ጉዳቱ ተሰላ፦ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረው በዚህ አንድ ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሳጣል፤ ታማሚው የሥራ ጊዜውን 45 ከመቶ ያጣል። በሽታው የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ መሆኑ ሲታሰብ፣ የሚጠፋው ሰው ለማረስና ለመውለድ በደረሰበት የጉልበት ዘመኑ ነው።

ማኅበራዊው ጉዳት በገንዘብ አይተመንም። በበሽታው የተያዘ ቤተሰብ ልጅ ማግባትም መዳርም ይቸገራል፤ ከትምህርት ቤትና ከቤተ እምነት የሚቀር፣ ጎረቤት ቡና የማይጠራው ብዙ ነው። እርግማን ነው፣ እባብ የሄደበትን መርገጥ ነው የሚሉ ማብራሪያዎች ነበሩ። የበለጠ ያስደነገጠው በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገውና በ2010 የታተመው ጥናት ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተጠየቁት ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። ታማሚው ከመንደር ሸሽቶ ጤና ጣቢያ ቢመጣ እዚያም የሚጠብቀው ያው ፍርሃት ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ የዘር ጥያቄው ተመልሶ መጣ። በ2007 የታተመው የቤተሰብ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ መሆኑን፣ ለበሽታው ከሚኖር ተጋላጭነት 63 ከመቶ ያህሉ በውርስ የሚገለጽ መሆኑን አሰላ። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተሙት ጥናት የበለጠ ጠለቀ። ከደቡብ ኢትዮጵያ የ194 ታማሚዎችና የ203 ጤነኞች ሙሉ የዘረ መል ካርታ ተወዳደረ፤ የተገኘውም በ202 ቤተሰቦች፣ አባትና እናት ከልጅ ጋር እየተመረመሩ፣ ተረጋገጠ። ልዩነቱ ያረፈው ኤችኤልኤ ክላስ ሁለት በሚባለው የዘረ መል ክፍል ላይ ነው። ይህ ክፍል የሰውነት መከላከያ ወዳጅን ከባዕድ የሚለይበትን መንገድ ይወስናል። ስለዚህ ፖዶኮኒዮሲስ አፈር ቱቦ የሚደፍንበት ተራ እክል ብቻ ሳይሆን፣ የአንዳንድ ሰው የመከላከያ ሥርዓት ለማዕድን ቅንጣት ከልክ ያለፈ ምላሽ የሚሰጥበት የብግነት በሽታ ነው። ፕራይስ ከአርባ ዓመት በፊት ያነሡት ጥያቄ መልስ አገኘ። በዘር የሚሄደው በሽታው ራሱ ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው፤ ዘሩ ያለበት ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማ አይታመምም።

አፈሩም ቢሆን እንደገና ተመርምሯል። በ2014 የወጣው፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የአፈር ናሙና ከበሽታው ሥርጭት ጋር የተያያዘበት ጥናት ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት በብዛት ባሉበት በሽታው እንደሚበዛ አሳየ።

ሕክምናን ለማነጻጸር መለኪያ ያስፈልጋል። በ2008 ለመስክ የሚሆን የደረጃ አሰጣጥ ወጣ፤ ማይክሮስኮፕም ላብራቶሪም አይፈልግም። መርማሪው ታማሚው ጠዋት ሲነሣ እብጠቱ ሟሽሾ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሌሊቱን ፈጽሞ የሚጠፋ እብጠት የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ሳይጠፋ የሚያድርና እባጮቹ ከቁርጭምጭሚት በታች የቀሩት ሁለተኛ፣ እባጮቹ ከቁርጭምጭሚት ያለፉት ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። እብጠቱ ጉልበት ካለፈ አራተኛ፤ መገጣጠሚያው ደርቆ አልታጠፍ ካለ አምስተኛ ነው። ምርመራውም በዚህ ዓይነት በእጅና በዓይን የሚሠራ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አይሄድም። የትሉ ዝሆኔ ግን ከብሽሽት ሊጀምርና የወንድ ብልት ከረጢትን ሊያሳብጥ ይችላል።

በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር ቆጠረው። በ2012 ፉትወርክ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ተመሠረተ። ኢትዮጵያም በ2013 ባወጣችው ብሔራዊ ዕቅድ ቅድሚያ ከሰጠቻቸው ስምንት በሽታዎች አንዱ አደረገችው። በዚያው ዓመት ከበደ ደሪቤ የመሩት አገር አቀፍ ቆጠራ ተካሄደ። በ659 ወረዳዎች በሚገኙ 1,315 ቀበሌዎችና መንደሮች ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ 129,959 ሰዎች ተመረመሩ፤ እግሩ ላበጠ ሁሉ የትሉን ምልክት የሚያሳይ ፈጣን የደም ምርመራ ተደረገለት። በ2015 የወጣው ውጤት የበሽታውን ስፋት አገር አቀፍ በሆነ መልኩ 4 ከመቶ አደረገው፤ በደቡብ ክልል 8.3፣ በኦሮሚያ 4፣ በአማራ 3.9 ከመቶ። ከዚህ ቆጠራ ተነሥቶ በ2017 የታተመው ስሌት የታማሚውን ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ገመተው። ቀድሞ በገበያ ተቆጥሮ የተጀመረው ሥራ በሳተላይት መረጃና በስታቲስቲክስ ሞዴል ተጠናቀቀ።

የሕክምናው ማስረጃ ግን አሁንም ስስ ነበር። በወላይታ 33 ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለውና በ2010 የወጣው ጥናት፣ የቆዳ በሽታ በኑሮ ላይ ያለውን ጫና የሚለካው ነጥብ ከ21 ወደ 6 እንደወረደ አሳይቷል፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። ይህን ክፍተት የሞላው በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ የተደረገው፣ ጎልቤት የተባለው ሙከራ ነው። ሙከራው የታለመው በበሽታው ውስጥ ታማሚው አብዝቶ የሚፈራውን ነገር ለመለካት ነው፦ እግሩ በድንገት ግሎና ቀልቶ ሲጠዘጥዝ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ፣ በብሽሽት ንፍፊት ሲወጣ፣ ታማሚው ለቀናት ከመኝታ አይነሣም።

በ2014 መጨረሻ 696 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ፤ ሌሎቹ ከዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ሕክምናው ይህ ነው፦ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ያለውን ሁሉ ማጽዳት፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ ላስፈለገው በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ። ታማሚው ሕመሙ የተነሣበትን ቀን በማስታወሻ ይመዘግባል። በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ውጤት፣ ሕክምናውን ባገኙት ላይ ግርሻው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ባላገኙት ላይ 23.9 ጊዜ እንደተነሣ ይገልጻል፤ ቅናሹ 19 ከመቶ ነው። ሁለት ነገር ከዚህ ይወጣል። አንደኛ፣ ርካሽና በቤት የሚሠራ እንክብካቤ እንደሚረዳ በጠንካራ ዘዴ ተረጋገጠ። ሁለተኛ፣ አንድ ታማሚ በዓመት ሃያ ጊዜ ያህል ይሠቃያል የሚለው ቁጥር በማስታወስ ብቻ ሲነገር ከነበረው እጅግ የከበደ ነው።

ቆዳውን በቅርብ ያጠኑ ሥራዎች እንክብካቤው ለምን እንደሚሠራ አብራሩ። በ2013 የወጣው መለኪያ የታማሚዎች የእግር ቆዳ ደረቅና እርጥበት የማይዝ መሆኑን አሳየ፤ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ለአፈርና ለባክቴሪያ በር ነው። በ2017 በዕጣ የተመደቡ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ 2 ከመቶ ግሊሰሪን መጨመር የቆዳውን መከላከያ እንደሚያሻሽል አረጋገጠ። ግሊሰሪን በየከተማው ፋርማሲ የሚገኝና ርካሽ ነው።

በ2019 የሩዋንዳ ካርታ ታተመ። በዚያ አገር ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ከመቶ ሺህ 68.5 ሰው፣ በድምሩ 6,429 የሚገመት ታማሚ ተገኘ። ፕራይስ ከአርባ ዓመት በፊት በዚሁ አገር ያዩት በሽታ ቁጥሩ ታወቀ። በካሜሩንም ተመሳሳይ ቆጠራ ተደርጓል። በተለያዩ ዘመናት የተጻፉ ማስረጃዎችን የሰበሰበ ግምገማ በሽታው በ32 አገሮች መታየቱን ቆጥሯል፤ ከእነዚህ 18ቱ በአፍሪካ ናቸው።

በኢትዮጵያ የምርምሩ ጥያቄ አሁን ከመንስኤ ወደ አገልግሎት ዞሯል። በአዊ ዞን ኢንድፖይንት የተባለው ፕሮግራም ለፖዶኮኒዮሲስ፣ ለሥጋ ደዌና በትል ለሚመጣው ዝሆኔ የሚሰጠውን እንክብካቤ በመደበኛው ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ላይ አስገብቶ ሞክሯል። የእግር እጥበቱ ከድብርት ምርመራና ሕክምና፣ እንዲሁም በማኅበረሰቡ ውስጥ መገለልን ከሚቀንስ ሥራ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። በምርመራ በኩል ዋናው ጉድለት እንዳለ ነው። ፖዶኮኒዮሲስን ብቻውን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ባለሙያው በሽታው ያለበትን አካባቢና የእግሩን መልክ አይቶ፣ ትሉንና ሥጋ ደዌን አስወግዶ ነው የሚወስነው። የዘረ መል ጥናቱ የመከላከያ ሥርዓቱን ምላሽ ስላመለከተ፣ ተመራማሪዎች በደም ውስጥ ለዚህ ምላሽ ምልክት የሚሆን ነገር እየፈለጉ ነው፤ ከተገኘ እብጠቱ ገና ሌሊት በሚሟሽሽበት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለውን ወጣት ለይቶ በጫማና በውኃ ብቻ ማዳን ይቻላል።